እናቴን ለማስቀረት የገዛሁት ብርድ

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ልኮራበት ፈልጌ አይደለም፤ ኋላ ከሌላ ሰው ስትሰሙት «ምነው ይህን ደበቀን?» እንዳትሉኝ ነው። ቆቦ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሽቦ ሲቀጥንና ጭነት ሲበዛበት እንዴት እንደሚግል፣ የጋለ ነገር አየር ሲያጣ ምን እንደሚሆን በጠመኔ ስጽፍና ስሰርዝ ኖሬያለሁ። ያስተማርኩትን ሁሉ ተፈትኜ የወደቅኩት ግን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እናቴ ፊት ነው።

የቆቦን ሙቀት ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ የምትለው ማታ ከማን ጋር እንደተጣላች እንጃ፣ ተቆጥታ ነው። በልጅነታችን ግን እንዲህ አንፈራትም ነበር። ፈርተናትም ከሆነ አብረን ነበር የምንፈራት። አባቴ ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክሮ መስኮቱ ላይ ይሰቅላል፤ ነፋስ ሲያልፍበት ቤቱ እርጥብ ጆንያ ይሸታል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ለእኔ የምቾት ሽታ ነው። የሚጠጣው ውኃ በገንቦ ሆኖ፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ ዛፉ ሥር ነው። ጥላው ሲዞር ሰዉም በርጩማውን እየጎተተ አብሮ ይዞራል። አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኛ ሰዓት የሌለን ልጆች ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን የምናውቀው የእሳቸው በርጩማ ከእኛ አጥር ተነሥቶ ጎረቤት በር ላይ ሲደርስ ነው። ሲሞቱ ለጥቂት ቀን ሰዓቱ ሁሉ ጠፍቶብን ነበር።

ዛሬ እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ የሉም። አባቴም የለም። ኒሙና ቤቱ፣ እናቴና እኔ ነበርን የቀረነው። ሚስት እንዳትሉኝ፤ ስመርጥ መሸብኝ።

እንግዲህ አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሙቀት መንገድ ላይ ጣላት። ሰው በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሐኪሙ ደም ግፊቷ ከፍ ማለቱን ነግሮን፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ ውኃ እንድትጠጣ፣ በተለይ ቀትር ላይ ከሙቀት እንድትርቅ አዘዘ። ደሴ ባለ ትዳር የሆነችው ታላቅ እህቴ ለፋሲካ መጥታ ይህን ስትሰማ ዶሮው እንኳ አልዋጥላት አለ።

«ደሴ እወስዳታለሁ» አለችኝ።

«እታለም፣ እዚህ እኔ አለሁላት» አልኳት።

«ላንተስ ማን አለልህ?»

እሷም ስታየኝ ጊዜ ትንሽ አዘነችልኝ መሰለኝ። «እሽ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ እሰጥሃለሁ» አለች። «አንድ ቀን ሙቀት ጣላት ሲሉ ከሰማሁ፣ ወይም አንድ ነገር ሆነች ካሉኝ፣ በማግስቱ መጥቸ ነው የምወስዳት። ከዚያ በኋላ እንዳትለምነኝ።»

እውነቱን ልናገር። ለእናቴ ጤና ተጨንቄ ነበር፤ ግን ለራሴም ነበር የተጨነቅኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ሳልከፍተው ገና «መጣህ?» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ያ ድምፅ የሌለበትን ቤት ማሰብ አልፈለግኩም። እሷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ ግን እኔም አልጠየቅኳት፣ እህቴም አልጠየቀቻት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ደግሞ ደሴ ድረስ ሄጄ ኤሲ ገዛሁ። እናቴን ለመውሰድ ካሰፈሰፈው ከተማ መግዛቴ እልህም ነበረበት። ሻጩ ከቆቦ መምጣቴን ስነግረው እንደ በሽተኛ አዝኖ አየኝና «እኛ ዘንድ እኮ የሚሸጠው ብርድ ልብስ ነው» አለኝ። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ቁልቁል ወረድን።

ቆቦ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሮቢት ላይ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲቆም አንድ ሽማግሌ ካርቶኑን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ቤት የሚያቀዘቅዝ ነው» አልኳቸው።

«ውጭውንስ?»

«ውጭውንማ ያሞቃል።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ያንተን ሙቀት ለጎረቤት ልትሰጥ ነዋ» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ። ኋላ ሳስበው ሽማግሌው በአንድ አፍ የተናገሩት እኔ በአንድ ወሰነ ትምህርት የማልጨርሰውን ነው።

ዕቃውን የገጠመልኝ ምስጋናው ይባላል፤ ቆቦ ዋናው መንገድ ዳር ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግንበት ሱቅ አለው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። በፊዚክስ ሠላሳ ስምንት ሰጥቼ ክፍል ያስደገምኩት እኔው ነኝ። የውስጡን ከእናቴ አልጋ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ፣ የውጭውን ሞተር ደግሞ ከመስኮቱ ሥር፣ በጎረቤት አጥር ትይዩ አስቀመጠው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ቲቸር፣ ይህ ዕቃ ብዙ ኃይል ነው የሚስብ። ከቆጣሪው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ወፍራሙን ሽቦ ከወልድያ አስመጣለሁ። እስከዚያ አያብሩት። በኤክስቴንሽን ደግሞ በጭራሽ እንዳያስቡት።»

«ምስጋናው» አልኩት፤ «ኤሌክትሪክን ያስተማረህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«በቃ።»

ደፋር ልጅ ነው፣ ቀጠለ። የውጭው ሞተር ዙሪያው ክፍት መሆን እንዳለበት፣ የሙቀት ቁጥሩን ሃያ አምስት ወይም ሃያ ስድስት ላይ እንዳደርገው፣ የቆቦ አቧራ ስለሚደፍነው ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ እንዳጥበው፣ ንፋሱ በቀጥታ እናቴ ላይ እንዳይሆን የንፋስ መውጫውን ምላስ ወደ ላይ እንዳቀናው ነገረኝ። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ አንዱንም አልሰማሁም። መምህር የሆነ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው ሲናገር እርማት ብቻ ነው የሚታየው።

ወልድያ ሽቦው አልቋል ተባለና ሳምንት አለፈ። እህቴ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ ሙቀቱ ይብሳል፤ ኤሲው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየናል። ስምንተኛው ቀን ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እናቴ ክፍል ያለው ሶኬት ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የላላ ስለሆነ፣ በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት ተነሥቼ ሁለት ኤክስቴንሽን ቀጠልኩ። በውጭው ግድግዳ ሥር ሥሩን፣ በሞተሩ አጠገብ አሳልፌ በመስኮቱ አስገባሁት። የተቀጠለበትን በናስትሮ ጠመጠምኩት። ጥምጥሙ ከማማሩ የተነሣ የደብር አለቃ ጥምጥም ይመስል ነበር። ቆሜ አደነቅኩት።

ከዚያ ሪሞቱን ይዤ ዐሥራ ስድስት ላይ አደረግኩት። ለምን ዐሥራ ስድስት? ከዚያ በታች ስለማይወርድ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ነጠላዋን ተከናነበች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጋቢ አመጣሁላት። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የአባቴን የድሮ ካፖርት ከሣጥን አውጥታ ለብሳ፣ የሱፍ ካልሲ አጥልቃ፣ ከበሩ ሥር ንፋስ እንዳይገባ ያረጀ ጨርቅ ወትፋ ቁጭ አለች። ደጅ ላይ ወፍ እንኳ ሙቀት ፈርታ አትበርም።

«እንዴት ነው እማየ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው ልጀ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ግን ከዚህ ስወጣ ፀሐይ ሲያገኘኝ ምች ነው የሚመታኝ።»

«አትውጪያ።»

«ብቻየን? እንዲህ በሩ ተዘግቶ፣ እንዲህ በቀዘቀዘ ክፍል፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ? ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ክፍል ለማን እንደሚያዘጋጁት አታውቅም?»

ሳቅኩ። ብስቅም ቁጥሩን ከፍ አላደረግኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ ክፍሉ እየቀዘቀዘ ነው፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። እናቴ ከኒሙ ሥር ከጎረቤታችን ከለተብርሃን ጋር ምስር ትለቅማለች። ለተብርሃን ቤተሰቦቿ ከአላማጣ በኩል መጥተው ቆቦ ላይ በንግድ የኖሩ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። እናቴን የምትጠራት በወላጆቿ ቋንቋ «አደይ» እያለች ነው፤ እናቴ ማለት ነው። የልጅነታችንን የዛፍ ሥር ጨዋታ ሳያቋርጡ ያቆዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በርጩማ እየጎተቱ እንኳ ይዞራሉ። ባያቸው ጊዜ ንዴቴ ግማሹ ጠፋ፤ ግማሹ ግን ነበረ።

«እማየ፣ ለማን ነው የሚነፍሰው? እንግዲያ ላጥፋው።»

«ኧረ ተው! ላሚቷ ምን ትጠጣ?»

ለካ ከኤሲው በቱቦ የሚንጠባጠበውን ውኃ በጀሪካን እያጠራቀመች ጓሮ ላለችው ላማችን ታጠጣ ኖሯል። ቧንቧችን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የቆቦ ሰው ያውቃል። እኔ ለእናቴ የገዛሁት ዕቃ ቀን ሙሉ የሚሠራው ለላም ነው። ይህን ለእህቴ በስልክ አልነገርኳትም። «እማየ እንዴት ናት?» ስትለኝ «ብርድ ብርድ ብሏት ካፖርት ለብሳለች» አልኳት። «ቆቦ? በሰኔ?» አለች ተገርማ። መገረሟን ሰምቼ አሸነፍኩ አልኩ።

አሁን ወደ አገዳው ልምጣ። የእናቴን መሬት በእኩል የሚያርሰው ሰውዬ በየዓመቱ ማሽላው ከተቆረጠ በኋላ አገዳውን በጋሪ ያመጣልናል፤ ደጋሊት የሚባለው የኛ አገር ማሽላ አገዳው ረጅም ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ለላሟ ቀለብ ይሆናል፣ አጥር ይጠገንበታል፣ ይነድዳል። እስከ ሰኔ ድረስ ጓሮ ተከምሮ ሲቆይ ሲነኩት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

አንድ ቀን ስመለስ በሞተሩ አናት ላይ የአገዳ ዳስ ተሠርቷል።

«ይህ ምንድነው?»

«አሳዘነኝ» አለች እናቴ። «የውስጡ እንደ ጌታ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። የውጭው ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቁሞ ይለፋል።»

«ዕቃ እኮ ነው እማየ።»

«ዕቃስ ቢሆን!»

በሁለተኛው ቀን አገዳው በጎንና በጎኑ ቆመ። ምክንያቱ ዓይን ነው። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ «እነ እንትና ቤት ብርድ ገባ» ይላል፤ አዲስ ዕቃ ደግሞ እንደ አዲስ ጥጃ ነው፣ ዓይን አይችልም። ቀረ የምለው ፊቱ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለተብርሃን በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ዋእ! አደይ፣ ይህ ነገራችሁ እሳት ነው እኮ የሚተነፍስ! የሎሚ ችግኜን ቅጠሉን አረገፈው።»

እናቴ በኀፍረት ምድር ትዋጠኝ አለች። ጎረቤትን አስቀይሞ ከመብረድ ግሎ መሞት ይሻላል ብላ እዚያው የተረፈውን አገዳ ተሸክማ የሞተሩን ፊት ደፈነችው። ሞተሩ ከዓይን ጠፋ። የእኔም ኤክስቴንሽን፣ ያ የሚያምረው ጥምጥሜ፣ አብሮ ተቀበረ።

እና እኔስ? ቆሜ አየሁት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። የጋለ ነገር አየር ሲያጣ ምን እንደሚሆን በዚያው ጠዋት አስተምሬ መምጣቴ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የጎረቤት ሰላም መመለሱ ነው። እንዲያውም «ጎበዝ እማየ፣ ድምፁንም ቀነሰው» አልኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ኤሲው ማቃሰት ይዟል፤ ሙቅ ይነፍሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ለምስጋናው ደወልኩለት።

«ምስጋናው፣ ኤሲው ደከመ።»

«እንዴት ይደክማል ቲቸር? አልተከፈተም አይደል እንዴ?»

«ተከፍቷል።»

«በምን?»

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«አሁኑኑ ያጥፉት! መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

ላጠፋው ተነሣሁ። እናቴና ለተብርሃን ደጅ ናቸው፤ እኔ ከፀሐይ መግባቴ ነው፤ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በዚያው ቅጽበት ማሽኑ ድንገት ቀዝቃዛውን መንፈስ ጀመረ። ምስጋናው እስኪመጣ አንድ አምስት ደቂቃ ልቀዝቀዝ አልኩ። በሩን ዘጋሁ፣ የእናቴን ጨርቅ ከሥሩ ወተፍኩ፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብዬ ጋቢዋን ደረብኩ፣ በላዩ የአባቴን ካፖርት ጨመርኩ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ዝምታ ነው። ማሽኑ ጸጥ ብሏል። «መብራት ሄደ» ብዬ ተገላበጥኩ፤ ቆቦ ላይ መብራት ሄደ ብሎ ከአልጋው የሚነሣ ሰው የለም። ቀጥሎ ጭስ ሸተተኝ። «ለተብርሃን በርበሬ እየቆላች ነው» ብዬ ጋቢውን አፍንጫዬ ላይ ሳብኩት። ሦስተኛው ነገር ኡኡታ ነው። ከኡኡታው መሃል የእናቴን ድምፅ ለየሁ። ስሜን ትጣራለች። በልጅነቴ ጎርፍ በወረደ ቀን ወንዝ ዳር ቆማ የጠራችኝ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

መስኮቱ ቀልቷል። ወደ በሩ ዘልዬ ብስበው ጨርቁ ሥሩ ተሰንቅሮ እምቢ አለ። እኔ ከውስጥ ስስብ፣ እናቴ ከውጭ ስትገፋ፣ በሩ ድንገት ተበረገደና እሷም እላዬ ላይ መጣች፣ ሁለታችንም መሬት ላይ። ነጠላዋ የለም፣ ፀጉሯ ተገልጧል፣ ያቺ ምርኩዝ ይዛ የምትራመድ ሴት ጭሱን ጥሳ ገብታለች።

«አለህ?» አለችኝ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ።

«አለሁ እማየ፣ አለሁ።»

ደግፌያት ወጣን። ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሼ፣ በላዩ ካፖርት ደርቤ ስወጣ እሳት ለማጥፋት የሮጠ ሰው ሁሉ ለአፍታ ቆሞ አየኝ። አገዳው ይንቦገቦጋል፤ ነበልባሉ የመስኮቱን እንጨት ይዟል፣ ወደ ጣሪያው ሊደርስ ክንድ ቀርቶታል። እናቴን ለለተብርሃን ሰጥቼ፣ ዓይኔ የላሟ ውኃ የተጠራቀመበት ጀሪካን ላይ አረፈ። አነሣሁት። ልደፋው ተንደረደርኩ።

«ውኃውን ያስቀምጡ!»

ምስጋናው ባጃጇ ሳትቆም ወርዶ እየሮጠ ነው። «ቲቸር፣ ውኃውን! ማንም እንዳይጠጋ!» እያለ በአጠገቤ አልፎ በረንዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ከዋናው ዘጋው። ከዚያ መንሽ ይዞ አገዳውን ከግድግዳው ይበትን ጀመር። ሰዉ አፈር ደፋበት፣ አሸዋ ደፋበት፣ ኋላም ውኃ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ግድግዳው ጠቁሮ፣ መስኮቱ ከስሎ፣ ሞተሩ በአንድ ጎኑ ተለብልቦ ቀረ። ምስጋናው ከአመዱ መሃል ቀልጦ የተጣበቀውን ጥምጥሜን በብረት አንሥቶ አሳየኝ።

«ኤሌክትሪክ ባለበት እሳት ላይ ውኃ አይደፋም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለኝ።

«ታስታውሰዋለህ?»

«ሁለት ዓመት ነው የተማርኩት» አለ።

የእናቴ ግፊት ሲለካ ከፍ ብሎ ነበር። ለተብርሃን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ውኃ አጠጥታ፣ መድኃኒቷን ሰጥታ እስኪረጋጋ ድረስ እጇን ሳትለቅ ዋለች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ አመዱን እጠርግ ነበር። ማን ደሴ እንደደወለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሑድ ቀትር ላይ እህቴ ከሚኒባስ ወርዳ ግቢ ገባች።

ሰላም አላለችኝም። እናታችንን አገላብጣ ሳመች፤ የጠቆረውን ግድግዳ ዞራ አየች፤ ከዚያ ቤት ገብታ የእናቴን ልብሶች እያወጣች በረንዳው ላይ በሻንጣ ትከት ጀመር። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቃሏ ቃል ነው፤ ጊዜ ሰጥታኝ ነበር፣ አቃጠልኩት። የእናቴ ቀሚሶች ተጣጥፈው ሻንጣው ውስጥ ይገባሉ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ለተብርሃንም አጠገቧ ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል።

እህቴ ግማሹን ከታ ቀና አለች። «ቆይ፣ ያን ሁሉ አገዳ ሞተሩ ላይ ማን ነው የከመረው?»

እናቴን ከወቀሳ ላድናት፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«እሱ ነዋ!» አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ።

ክው አልኩ። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ያውም በሐዋርያት ጾም፣ ያውም በሰንበት።

«ዙሪያውን?» አለች እህቴ።

«ዙሪያውን! ተው ብለው መች ሰማኝ? ‹ሙቀት በአገዳ ነው የሚመለስ› እያለ ሲከምር ዋለ።»

«እኔም ተው ብየው ነበር» አለች ለተብርሃን፣ ሽቅብ ዛፉን እያየች።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ! ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? አንተ ነህ?»

እናቴን አየኋት። ፊቷ ጸጥ ብሏል፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ጨብጧል። ያኔ ገባኝ። ለወራት እኔና እህቴ በእሷ ላይ ስንከራከር አንድ ቀን መሄድ እንደማትፈልግ አልተናገረችም፤ አሁን በውሸት እየተናገረች ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲህ አየሽው!» አለች እናቴ። «አጠገቡ ቁጭ ብየ እንኳ ይህን አደረገ። ትቸው ብሄድ በወሩ ነው ራሱን የሚያነድ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ማን ይጠብቀዋል? እዚያ በብርድ አገር ተቀምጨ ‹ዛሬስ ምን አነደደ› እያልሁ ሳስብ ደሜ ከዚህ የባሰ ነው የሚወጣ። ልጀ፣ ይህን ትቸ በምን አንጀቴ ልሂድ?»

እህቴ እናታችንን አየቻት። ሞኝ አይደለችም፤ ምናልባት ገብቷት ይሆናል። ብቻ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠችና አንዱን ቀሚስ አወጣች፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ከዚያ ትእዛዝ ሰጠች። ምስጋናው የራሱን መስመር ዘረጋ፣ ሞተሩን ጠግኖ ዙሪያውን ባዶ አደረገው፤ የለተብርሃን ሎሚም ወደ ሌላኛው ጥግ ተዛወረ። ሪሞቱ ሃያ ስድስት ላይ ሆኖ ለእናቴ ተሰጠ፤ እኔ እንዳልነካው ተነገረኝ። ከአምስት እስከ ዐሥር ሰዓት እናቴ ክፍሉ ውስጥ እንድትውል ተወሰነ፤ ብቻዬን አልገባም ስላለች ለተብርሃንም ገባች፣ ለተብርሃን ስትገባ ሌሎች ጎረቤቶችም ገቡ። የዛፉ ሥር ጨዋታ በርጩማውን ይዞ ቤት ውስጥ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ሳልከፍተው ሳቃቸውን እሰማለሁ። ከዚያ ሰኔ በኋላ ሁለት ሰኔ ብቻ ነው ከእናቴ ጋር እንደዚያ ያሳለፍነው፤ ሦስተኛውን አላየችውም። ዛሬ ክፍሉ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ግን ብዙም አልገባበትም።

ከዚያ እሑድ ማግስት ወደነበረችው ሰኞ ልመለስ። እህቴን ሚኒባስ አሳፍሬ ስመጣ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማየ» አልኳት፤ «በጾም ዋሸሽ።»

«ዋሸሁ። ጠዋት ለንስሐ አባቴ ነግሬ መጣሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። በዚህ ጉልበቴ እንዴት አድርጌ ብላቸው፣ ‹ልጅሽስ ያን ጊዜ ምን አለ?› አሉኝ። ‹አዎ እኔ ነኝ አለ› አልኋቸው። ‹እንግዲያ እሱም ዋሽቷል፤ ሃያ አንዱን ለሱ ስጭው› አሉኝ።»

ጫማዬን አወለቅኩ። እሷ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ጎንበስ ቀና ትላለች፤ እኔ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ። ከከሰለው መስኮት የሚገባው ሙቀት ላቤን ያንቆረቁረዋል። ዐሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አጠረና ተቀመጠች።

«ስምንት ቀረኝ» አለች።

የእኔን ሃያ አንድ ጨርሼ የእሷንም ስምንት ሰገድኩላት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሰግጄ አላውቅም።